እባብ ለእባብ፣ ካብ ለካብ ይተያዩ

ባለፈው ዕትም ስለ ቤት እንስሳት ስናወራ እባብን በአንድ መስመር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደብዳቤ ከድመቱም ከውሻውም በለጠ። ግማሹ «ደግሞ እባብ ቤት ውስጥ? በስመ አብ!» የሚል ነው። እሱን ትቼዋለሁ፤ የወደደ ያሳድጋል፣ ያልወደደ ይተዋል። የቀሩት ጸሐፊዎች ግን አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፦ እንደ ኪንግስኔክ ያለ እርስ በርሱ የሚበላላ እባብ እንዴት ተደርጎ ይራባል? የዛሬው ዓምድ የእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፈው ከሲያትል ነው። ወንድ ካሊፎርኒያ ኪንግስኔክ አለኝ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው፣ ከትንሽነቱ ያሳደግኩት። አሁን ሴት ገዛሁለት፣ ላራባቸው አስቤ። የሸጠልኝ ሰውዬ ብሩን ከተቀበለ በኋላ «ተጠንቀቅ፣ ጠዋት ስትነሳ አንድ ወፍራም እባብ ብቻ እንዳታገኝ» ብሎኝ ሳቀ። ቀልዱን ነው የምሩን? ጓደኛዬ ኮርንስኔኮቹን አንድ ላይ ከቷቸው ሥራ ውሎ ሲመለስ ምንም አልሆኑም።
(የሲያትሉ)

መልስ፦ የምሩን ነው። ብሩን ከመቀበሉ በፊት ቢነግርህ ደግ ነበር እንጂ።

ኪንግስኔክ ንጉሥነቱን ያገኘው ሌሎች እባቦችን ስለሚበላ ነው። አይጥም ይበላል፣ እንሽላሊትም፣ ወፍም፣ እንቁላልም። እባብ ካገኘ ግን አይምርም። ጅራቱን እያንቋቋ የሚያስፈራራውን ራትልስኔክን ሳይቀር ይውጠዋል፣ መርዙን ሰውነቱ ስለሚቋቋመው። የጓደኛህ ኮርንስኔክ ዋና ምግቡ አይጥና ወፍ ነው፣ ስለዚህ የሱን ልምድ ወደ ቤትህ አታምጣው።

«እኩያው አይደለች እንዴ፣ እንዴት አድርጎ ይውጣታል?» ልትል ትችላለህ። ሁሉም እንደዚያ ይላል። በ2004 የታተመ ጥናት ይህንኑ ጉዳይ በካሊፎርኒያ ኪንግስኔክ ላይ ተከታትሎታል። ኪንግስኔኩ ከራሱ የሚረዝም እባብ ይውጣል፤ የተዋጠው አከርካሪ ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፈ፣ እየተጨማደደ በዋጪው ሆድ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የቁመት እኩልነት ዋስትና አይሆንም። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኪንግስኔክን ራትስኔክ ከሚባለው አይጥ በል እባብ ጋር አወዳድሮ፣ ኪንግስኔክ ሲጠመጠም የሚያሳርፈው ጫና የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። አጠማዘዙም ዝርክርክ አይደለም፣ እንደ ፍራሽ ሞላ ተስተካክሎ የተደራረበ ነው። ይቺን የሞላዋን ነገር ያዛት፣ በኋላ ትጠቅምሃለች።

ማራባቱ ግን ይቻላል፤ ሰዎች በየዓመቱ ያራቧቸዋል። ደንቡ አንድ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ በየሳጥናቸው ይኖራሉ፣ የሚገናኙት አንተ ቁጭ ብለህ ስታያቸው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሴቷን እያት። ሦስተኛ ዓመቷን ካልያዘችና 300 ግራም አካባቢ ካልደረሰች ዘንድሮን አሳልፋት። ትንሽ ሴት እንቁላል ስትጥል ትጎዳለች፣ ለወንዱም ለጉሮሮ የምትመች ትሆናለች። ደግሞ ሴት መሆኗን አረጋግጥ። «ሴት ናት ብሎ ሸጠልኝ» ማረጋገጫ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ወይም የእንስሳት ሐኪም ጅራቷ ሥር በቀጭን መመርመሪያ ያያታል። ራስህ አትሞክረው፣ ይጎዳል። ሁለት ወንድ በጸደይ ወቅት አንድ ላይ ከከተትክ የምታየው ሠርግ ሳይሆን ትግል ነው።

ከዚያ የብርዱ ወራት አለ። ኪንግስኔክ በተፈጥሮው ክረምት ሲመጣ ጉድጓድ ገብቶ ይተኛል፣ በጸደይ ለመራባት የሚያዘጋጀውም ያ እንቅልፍ ነው። ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ወይም ሦስት ወር ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ይቆያሉ፣ እናንተ በምትቆጥሩት ፋራናይት ከ50 እስከ 55 መሆኑ ነው። ከማቀዝቀዝህ በፊት ግን ሙቀታቸውን ሳትነካ ለሁለት ሦስት ሳምንት ምግብ አቁም። በብርድ ሆድ ውስጥ የቀረ አይጥ አይፈጭም፣ እዚያው ይበሰብሳል፣ እባቡንም ይዞት ይሄዳል። ውሃ ግን አይለያቸው። የሲያትል ጋራዥ በክረምት ለዚህ የተሠራ ይመስላል፣ ግን ሌሊት ይወርዳል ቀን ይወጣል፣ ስለዚህ ዝቅተኛና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ገዝተህ አስቀምጥ። እዚያም ቢሆን በየሳጥናቸው! «ተኝተው የለ እንዴ» ብለህ አንድ ላይ እንዳታደርጋቸው።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ቀስ በቀስ አሙቃቸውና አብላቸው፣ በተለይ ሴቷን። ትንሽ ትንሽ ምግብ ቶሎ ቶሎ። ከእንቅልፍ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆዳዋን ስትቀይር ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀጠሮው ቀን። ሁለቱም ጠግበው መምጣት አለባቸው፣ ግን የዛኑ ዕለት አይደለም፤ ሆዱ የሞላ እባብ ከተረበሸ የበላውን ያወጣዋል፣ የአይጥ ሽታ ደግሞ ክፍሉን ይሞላዋል። እኔ ሁለቱንም በደንብ አብልቼ ሁለት ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። የሚገናኙበት ሣጥን ሌላ፣ ሰፊና ንጹሕ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ምግብ በልተውበት የማያውቁት፣ መደበቂያ ዋሻም የሌለው። መደበቂያ ካለ ሁለቱም እዚያ ይገቡና የሚሆነውን ሳታይ ትቀራለህ። እጅህን በሳሙና ታጠብ። በአንድ እጅህ መንጠቆ ያዝ። ጓንት አጠገብህ ይሁን፣ ስልክህ ደግሞ ሌላ ክፍል፤ ቪዲዮ እቀርጻለሁ ሲል ስንቱ እባቡን አስበላ።

መጀመሪያ ሴቷን አስገባትና ትረጋጋ፣ ከዚያ ወንዱን ከጅራቷ በኩል ልቀቀው፣ ፊት ለፊት አታገናኛቸው። ምላሱ ሲፈጥን ታያለህ። ፍላጎቱ ሠርግ ከሆነ በጀርባዋ ላይ ተዘርግቶ፣ አገጩን እያሻሸ፣ ሰውነቱን እያንዘረዘረ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጅራቱንም ከጅራቷ ጋር ለማያያዝ ይሞክራል። ከዚያ ማጅራቷን ይነክሳታል። እዚህ ላይ ነው አዲስ ሰው የሚደነግጠው። አትደንግጥ፣ የኪንግስኔክ ወንድ ሴቷን ማጅራቷን ነክሶ መያዙ የተለመደ ነው። የምታየው ሰውነቱን ነው፤ ርዝመቷን ተከትሎ እንደተዘረጋ ከሆነና ጅራት ከጅራት ከተያያዘ ሠርግ ነው። ነክሶ ወዲያው ዞሮ ቀለበት ከሠራ፣ ያቺ ሞላ ከመጣች፣ በተለይ ደግሞ የነከሰው ጭንቅላቷን ከሆነ፣ ምሳ ነው። በሷም በኩል እንዲሁ፤ ሴቷ ወንዱን የበላችበት ጊዜ ትንሽ እንዳይመስልህ።

ምሳ ከሆነ አትጎትት። ጥርሳቸው ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፣ በጎተትክ ቁጥር ይበልጥ ይተከላል። ሁለቱንም እንዳሉ አንስተህ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ያዛቸው። ካልለቀቀ በአልኮል የተሠራ የአፍ መጉመጥመጫ ጥቂት ጠብታ በነካሹ አፍ ጠርዝ ጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተፋል። ከዚያ ጥምጥሙን ከጅራት በኩል ጀምረህ ፍታው። በተቃራኒው ሠርግ ከሆነና ከተያያዙ፣ የፈለገውን ያህል ቢቆዩ፣ ሰዓትም ቢሞላ፣ አታላቅቃቸው፤ የወንዱ ብልት ይጎዳል። ሲጨርሱ ራሳቸው ይለያያሉ፣ አንተም ያን ጊዜ ወዲያው ወደየሳጥናቸው ትመልሳቸዋለህ። በየሦስት አራት ቀኑ ደጋግመህ ልታገናኛቸው ትችላለህ፣ እሷ እምቢ ማለት እስክትጀምር ድረስ። «አሁንማ ተላምደዋል» ብለህ ማደር ግን የለም። እኔ ሌሊት ትተዋቸው ምንም አልሆኑም የሚሉ አርቢዎች አውቃለሁ። ዕድል ቀንቷቸዋል፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ላስ ቬጋስ ነው ያለሁት። ሁለት ኪንግስኔኮቼ አንድ ታንክ ውስጥ ከዓመት በላይ አብረው ኖረዋል፣ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት። የሚዋደዱ እንስሳትን ለያይቶ ማስቀመጥ ጭካኔ አይሆንም? ደግሞ ሴቷ ሰሞኑን ወፍራለች።
(እህታችሁ ከቬጋስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ተቃቅፈው አይደለም የሚተኙት። ታንኩ ውስጥ አንድ የሚመች ሙቅ ጥግ አለ፣ ሁለቱም እሱን ይፈልጉታል፣ ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ይከመራል። እባብ ጓደኛ አይፈልግም። ብቻውን መኖር ለሱ ቅጣት ሳይሆን ኑሮው ነው። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ያሉት አባቶች ካሊፎርኒያን አያውቁትም፣ ግን ኪንግስኔክ የሚያስቀምጥ ሰው ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው የሚያዋጣ ነገር ተናግረዋል።

ዓመት አብረው መኖራቸውን አምንሻለሁ። ችግሩ ኪንግስኔክ ከመብላቱ በፊት ሳይጣላ መኖሩ ነው። አደጋው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በጥላቻ አይደለም፣ በምግብ ሽታ ነው። አይጧን ትወረውሪያለሽ፣ አንዱ በጭንቅላቷ በኩል ይይዛታል፣ ሌላው በጅራቷ በኩል። ሁለቱም መዋጥ ይጀምራሉ። መሐል ላይ አፍ ለአፍ ይገጥማሉ፣ ማናቸውም ወደ ኋላ አይመለስም፤ አፉ ሰፋ ያለው የሌላውን ጭንቅላት ከአይጧ ጋር አብሮ መዋጥ ይቀጥላል። ተናዶ አይደለም፣ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ነገር አይጥ አይጥ ይሸታል፣ በቃ። አንዳንዴ ደግሞ አይጧ ተበልታ ካለቀች በኋላ ሽታዋ አንደኛው አንገት ላይ ይቀራል። አንቺ መብራት አጥፍተሽ ስትተኚ የሱ የምግብ ሰዓት ይጀምራል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለያቸው፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ሌላ ሣጥን ግዢ። ኪንግስኔክ በጣም ያመልጣል፣ ካመለጠም የመጀመሪያ ጉብኝቱ የጎረቤቱ ሣጥን እንዳይሆን ሁለቱንም ክዳን አጥብቂ።

የሴቷ መወፈር ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ከወንድ ጋር ዓመት ከኖረች አርግዛ ሊሆን ይችላል። የኋላ ግማሽ አካሏ ከተነፋ፣ ምግብ እምቢ ካለች፣ ሙቀት ላይ አልጠግብ ካለች ተዘጋጂ። ከተገናኙ ከ40 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ትጥላለች፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ቆዳዋን ትቀይራለች፤ ቆዳ በቀየረች በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቁላሉን ጠብቂ። ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአትክልት መሸጫ የሚገዛ ሞስ አርሰሽ፣ ጨምቀሽ ክተቺላት። ቦታ ካጣች ውሃ ሳህኗ ውስጥ ትጥለዋለች፣ እዚያ ደግሞ ይሰምጣል።

እንቁላሉ ከወጣ በኋላ አትዘግዪ። እንቁላል የኪንግስኔክ ምግብ መሆኑን ከላይ ተናግሬያለሁ፣ እናትም ብትሆን ጥላ ስትጨርስ በጣም የራባት እባብ ናት። ስታነሺው አታገላብጪው፣ የላይኛው ላይ ላይ እንዲሆን በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፤ የተጣበቁትን ለማላቀቅ አትታገዪ፣ እንደ ተጣበቁ ይቀመጡ። እርጥብ ቨርሚኩላይት (ለአትክልት የሚያገለግል፣ ውሃ የሚይዝ ማዕድን) ውስጥ፣ ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት፣ ከ55 እስከ 70 ቀን ይፈጅበታል። ወንድ ይሁን ሴት የሚለውን ሙቀቱ አይወስነውም፣ እንደ ኤሊ አይደለም፣ ስለዚህ በሙቀት አትጫወቺ። ሁለት ቀን አልፎ አሁንም ሆዷ ውስጥ እንቁላል የቀረ ከመሰለሽ የእባብ ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ በእጅሽ ገፍተሽ ለማውጣት እንዳትሞክሪ።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ነው። ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ የኪንግስኔክ እንቁላል ተፈልፍሎለት ዘጠኝ ትንንሽ እባብ አገኘ። አንድ ሰፊ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው። ትናንት ስንቆጥር ስምንት ሆኑ። ባለቤቴ «አንዱ ቤት ውስጥ ተለቅቋል» ብላ ልጆቹን ይዛ እኅቷ ቤት ሄዳለች። ሶፋውን ገልብጠን፣ ምንጣፉን አንስተን ፈለግን፣ የለም። ምን እናድርግ?
(የልጆች አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሶፋውን ወደ ቦታው ይመልሱት። መጀመሪያ ስምንቱን አንድ በአንድ ይዩአቸው። አንደኛው ከሌሎቹ ወፈር ብሎ፣ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ እኩል ተነፍቶ፣ ዝም ብሎ ተኝቶ ካገኙት ዘጠነኛው ተገኝቷል። አይጥ የበላ ትንሽ እባብ መሐሉ ላይ ብቻ ያብጣል፤ እባብ የበላ እባብ ግን ርዝመቱን ሙሉ ነው የሚወፍረው። ይህን አይተው ለባለቤትዎ ይደውሉላቸው። ደስ የሚል ዜና ባይሆንም እሳቸው ከፈሩት ይሻላል መሰለኝ። ሁሉም ቀጫጭን ከሆኑ ግን አምልጧል፣ ሙቀት ወዳለበት ከማቀዝቀዣው ጀርባና ከማሞቂያው አካባቢ ይፈልጉ። መርዝ የለውም፣ ቢነክስም የመርፌ ጫፍ ያህል ነው።

የወፈረውን አይነካኩት፣ አይጭመቁት። ውሃ ሰጥተው ከሁለት ሳምንት ያላነሰ በሰላም ይተውት። በተረፈ ልጅዎን አይቆጡት። የኪንግስኔክ ልጆች ገና ከእንቁላል እንደወጡ ወንድም እኅት መብላት ይችላሉ፣ ይህን ግን ማንም ካልነገረው ከየት ያውቃል።

አሁኑኑ ለያዩአቸው። ለእያንዳንዱ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ክዳኗ ግጥም የሚል፣ ጎኗ በጋለ መርፌ የተበሳች፣ ውስጧ የወጥ ቤት ወረቀት፣ የውሃ ክዳን፣ አንድ ተጣጥፎ የሚደበቅበት የካርቶን ጥቅል። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መለያየቱ እንቁላሉ ሣጥን ውስጥ እያለ ይጀምር። ትንንሾቹ ቅርፊቱን ሠንጥቀው ጭንቅላታቸውን ያወጡና አንድ ወይም ሁለት ቀን እዚያው ይቆያሉ፣ የቀረውን አስኳል እየመጠጡ ነው፤ አይጎትቷቸው። ሙሉ በሙሉ የወጣውን ግን በዚያው ሰዓት ወደ ራሱ ዕቃ። ማፈልፈያውን ጠዋትና ማታ ማየት የልጅዎ ሥራ ይሁን።

የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ አይበሉም፣ ያም ከተፈለፈሉ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሆናል። ከዚያ በየአምስት ቀኑ አንዲት ፒንኪ፣ ማለትም ገና ፀጉር ያላወጣች የአይጥ ልጅ፣ ከበረዶ አውጥተው በሞቀ ውሃ ያቀለጧት። አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ ዘሩ በዱር የለመደው ምግብ እንሽላሊት ነውና። ፒንኪዋን እንሽላሊት ላይ አሻሽተው ወይም እንሽላሊት የጣለው ቆዳ ላይ አንከባለው ሲሰጡት ብዙ ጊዜ ይውጣታል። የእባብ ቆዳ ተጠቅመው የሚያሸቱም አሉ፣ ይሠራል፤ እኔ ግን ለኪንግስኔክ ልጅ «እባብ የሚሸት ነገር ምግብ ነው» ብዬ ላስተምረው አልፈልግም። ያን ያለ እኔ ያውቀዋል።

አንድ ለባለቤትዎ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። እባብ ጤነኛ ሆኖም ሳልሞኔላ ይይዛል። ዕቃዎቹ የወጥ ቤት መታጠቢያ ውስጥ አይታጠቡ፣ አይጧም ምግብ በምታሞቁበት ማይክሮዌቭ አትቅለጥ፣ ማፈልፈያውም ሊጥ ከሚቦካበት ክፍል ይራቅ። ከነካ በኋላ እጅ በሳሙና። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለዎት ጨርሶ አይንካቸው።

ስምንቱ የት ይሄዳሉ የሚለውን ግን ከእንቁላሉ በፊት ማሰብ ነበረባችሁ። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ አሥር አካባቢ፣ አንዳንዴም ከሃያ በላይ ልትጥል ትችላለች። መሸጥ ወይም መስጠት ይቻላል፣ ግን የግዛቱን ሕግ መጀመሪያ ይጠይቁ። ለምሳሌ ጆርጂያ የራሷን ተወላጅ ኪንግስኔክ ቤት ማስቀመጥ ትከለክላለች፤ አትላንታ ላለ ዘመድ ስጦታ ብላችሁ ከመላካችሁ በፊት ይታሰብበት። ሃዋይ ደግሞ እባብ የሚባል ነገር በሙሉ ክልክል ነው። መልቀቅ የሚባለውንም ከአእምሮአችሁ አውጡት። በስፔን ሥር ያለችው ግራን ካናሪያ ደሴት ላይ የሆነው ይኸው ነው፦ ከሰው ቤት ያመለጡ ወይም የተለቀቁ ካሊፎርኒያ ኪንግስኔኮች ዱር ገቡ፣ ብዙዎቹ አልቢኖ፣ ነጭና ቢጫ የሆኑ የአርቢ ቀለም ያላቸው። ደሴቲቱ የራሷ እባብ ኖሯት አያውቅም፣ ስለዚህ እዚያ ብቻ የሚገኘው ትልቁ እንሽላሊት እባብን መሸሽ አያውቅበትም። ኪንግስኔኮቹ በሰፈሩበት አካባቢ እንሽላሊቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። መንግሥት ለማጥፋት ዓመታት ቢለፋም አልጨረሳቸውም። የቴክሳስ ጓሮ ደሴት ባይሆንም እዚያ ያሉት የዱር እባቦች በሽታ ይተርፋቸዋል፣ አይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው፣ ተማሪ ነኝ። ኪንግ ኮብራም እንደዚህ ነው የሚራባው? ዘመድ ናቸው?

መልስ፦ ስሙ ብቻ ነው የሚያገናኛቸው። ኪንግ ኮብራ የእስያ ነው፣ መርዘኛ ነው፣ ከመርዘኛ እባቦች ሁሉ ረጅሙም እሱ ነው፣ ከአምስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እባብ መብላቱ ግን አንድ ነው፣ እንዲያውም የሳይንስ ስሙ ራሱ እባብ በል ማለት ነው። ሴቷ የደረቀ ቅጠል በሰውነቷ እየሰበሰበች ጎጆ ትሠራለች፣ ከእባብ መካከል እንዲህ የምታደርግ ሌላ የለችም፣ እንቁላሏንም ትጠብቃለች። ሕንድ ውስጥ በዱር አንድ ወንድ ያረገዘች ሴት ሲገድል ታይቷል። በመካነ እንስሳት የሚያራቧቸው ሰዎች የሚያገናኟቸው ሁለት ክፍል ባለው ቤት፣ በመሐል በሚዘጋ በር ነው። ይህ የቤት ሥራ አይደለም። ለማንም አልመክርም፣ ላንተም።

ጥያቄ፦ ሻሎም፣ ከአሽዶድ ነው የምጽፈው። ግቢያችን ውስጥ ረጅም ጥቁር እባብ ታየ። ልጄ «ጼፋን፣ መርዘኛውን እባብ፣ የሚበላው ነው፣ ይዤ ላራባው፣ ለጎረቤትም እሸጣለሁ» ይላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው የኔ ነገር፣ እኔ ግን ወጥቶ ቢሄድልኝ ነው የምፈልገው። ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ ስለ እባቡ ልጅሽ ትክክል ነው፣ ስለ ሥራው አንቺ። ቁመቱ ረጅም፣ ከላይ ጥቁር፣ ፈጣን ከሆነ ዛዕማን ሻሖር የሚሉት ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም፣ ከያዙት ግን በደንብ ይነክሳል። አይጥ ይበላል፣ እንሽላሊት ይበላል፣ እባብም ይበላል፣ ጼፋን ጨምሮ። ልጆቹ ግን ጥቁር አይደሉም፣ ቡናማና ነጠብጣብ ናቸው፣ ስለዚህ ሰው ጼፋ ናቸው ብሎ ይገድላቸዋል።

ከዱር ይዞ ማራባት ግን አይሆንም። እስራኤል ውስጥ የዱር እንስሳ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስጠይቃል። ደግሞ ከርቀት አይቶ «እሱ ነው» ማለት አደገኛ ነው፣ ልጁ በጣቱ ሊያረጋግጥ አይሂድ። ቤት ውስጥ ካልገባ ራቅ ብላችሁ ተዉት ይሂድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል። ቤት ከገባ በሩን ዝጉና በሩ ሥር ፎጣ አስገቡ፣ ከዚያ ፈቃድ ያለው ሎኼድ ነሐሺም (እባብ ያዥ) አስጠሩ። ሥልኩን ከማዘጋጃ ቤቱ ዛሬውኑ ጠይቂና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው፤ ልጁም እባብ ከወደደ ሰውዬው ሲመጣ በሩቁ ቆሞ አያያዙን ይይ።